የአባትሽ ሸሚዞች

ዊሎው ፎርክ፣ ኬንታኪ
ማርች 18 ቀን 1979

ለምወድሽ ልጄ ለዊላዲን፣

አንቺም ባልሽም አዲሱ እንግዳችሁም ደህና ከሆናችሁ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። የሕፃኑ ፎቶ ደርሶናል። አባትሽ ከሬዲዮው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ ለመጣው ሰው ሁሉ «አፍንጫው የኔ ነው፣ ምስኪን» ይላል። አዎ፣ ራሱ ነው ተነሥቶ ቆሞ የለጠፈው። በስልክ ስነግርሽ ያላመንሽኝ መስሎኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽም ነገር አለ። ስልኩ ያለው ጎረቤት ሄስተር ቤት ስለሆነ እሷ ፊት ላወራው አልቻልኩም፤ ምንም እንኳ ነገሩን ከማንም ቀድማ ብታውቀውም።

ባለፈው ወር፣ ያን ማክሰኞ፣ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ጠርቶኝ «የማዕድን ማውጫው የከሰል አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል፤ ዘመድ ካለ ይጠራ» አለኝ። አንቺ ገና አራስ ነበርሽ። አትምጪ ያልኩሽ እኔ ነኝና በዚህ አትጸጸቺ። ፓስተሩ በመኪናው ቤት አደረሰኝ። ልብስ ቀይሬ ወዲያው ልመለስ ነበር። ቁም ሣጥኑን ስከፍት የአባትሽ ሸሚዞች ተደርድረው ተሰቅለዋል።

እናቴ አባቴ ሲሞት ሸሚዞቹን ቀድዳ ከቁርጥራጩ ብርድ ልብስ ሰፍታለች፤ የሷም እናት እንዲሁ። እኛ ዘንድ ሰው የሚታወሰው እንዲህ ነው፤ አንቺም እዚያ ብርድ ልብስ ሥር ነው ያደግሽው። እነሱ ግን መቀስ ያነሡት ከቀብር በኋላ ነው።

እኔ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኩ። ኮሌታና እጅጌውን ፈታሁ፤ ጀርባውን በቁመቱ እንደ ጥብጣብ አድርጌ ቆረጥኩ። ባለመስመሩን ከሰማያዊው የእሑድ ሸሚዝ፣ ግራጫውን የሥራ ሸሚዝ ከቡናማው ጎን ለጎን አጋጥሜ በስፌት መኪናው ሰፋሁ። በካውያ ተኩሼ፣ መልሼ አግድም ቆራርጬ፣ አንዱን በቁመት ሌላውን በወርድ እያዞርኩ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ያምር ነበር። አላለቀስኩም፣ ዊላዲን። እየዘፈንኩ ነበር። መዝሙርም አይደለም፤ አባትሽን ከማወቄ በፊት የምጨፍርበት ዘፈን።

ሄስተር ሾርባ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዴልበርት ዐረፈ እንዴ?»

«አላረፈም።»

ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች። «ታዲያ ይኼ ምንድነው?»

ሾርባውን አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ሄስተር ምንም ሳትናገር የወጣችበት ሌላ ቤት አላውቅም።

ለምን እንደዘፈንኩ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ስሰማ ከርሜ፣ ያን ለት ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አባትሽ ግን አልሞተም። ትኩሳቱ ለቀቀውና እንቁላል አምጡልኝ አለ። ሰንብቶም የኦክስጅን ሲሊንደር አስይዘው ወደ ቤት ሰደዱት። ሰው ሁሉ እግዜርን ሲያመሰግን እኔ የማስበው ስለ ቁም ሣጥኑ ነበር። ቁርጥራጮቹን የትራስ ልብስ ውስጥ ጠቅጥቄ አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

እሑድ ሲደርስ «ኦርፋ፣ ሰማያዊውን ሸሚዜን አውጪልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለኝ።

«ታጥቦ አልደረቀም።»

በሚቀጥለው እሑድም ጠየቀኝ።

«ቁልፉ ተበጥሷል» አልኩት።

«ዕድሜ ልኬን የለበስኩት ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ነው። አምጪው።»

«ቆይ፣ ልፈልገው።»

«የጠፋው ቁልፉ ነው ሸሚዙ?»

ዶሮዎቹን ላበላ ብዬ ሸሽቼ ወጣሁ። ስመለስ ቁም ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከባዶ መስቀያ በቀር ምንም የለበትም። ጫማውን ሊፈልግ ጎንበስ ሲል የትራሱን ልብስ አግኝቶት ኖሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን ቁራጭ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

«መቼ ነው የሞትኩት?» አለኝ።

«ማክሰኞ» አልኩት።

ቀኑን ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ትንሽ አሰበ። «ማክሰኞ ውሃ ጠምቶኝ ነበር። አንቺን ስጣራ ነበር።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም። ያን ለት ቦሎቄውንም የበቆሎ ዳቦውንም ሳይነካው ቀረ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄስተር የሟች ባሏን ነጭ ሸሚዝ አመጣችለት። «እኔ እንኳ እስካሁን መቀስ ላነሣበት አልደፈርኩም» አለች። ልትወጋኝ ብላ አይደለም፤ እኔ ግን ተወጋሁ። ያንን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። ፓስተሩ «ዴልበርት፣ ከስተሃል» ቢለው «እኔ መች ከሳሁ፣ ሟቹ ወፍራም ነበር» አለው። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ የመዝሙሩን መጽሐፍ ስገልጥ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ያን ቁርጥራጭ በዓይኔ ማየት ጠላሁ። አቃጥለዋለሁ ብዬም ነገርኩት። ትናንት ከሰዓት ዝናብ ነበር፤ ከውጭ ስገባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቁራጮቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸዋል።

«ይኼን ግራጫ ከቡናማው ጋር ምን ብለሽ አገናኘሽው? ያስጠላል» አለኝ።

«አቃጥለዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«አቃጥዪው ማን አለሽ? ጨርሺው እንጂ። ይበርደኛል።»

ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናውን አውጥቼ ጀመርኩ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ቁራጭ እየመረጠ ያቀብለኛል፤ ግራጫና ቡናማውን አለያይቶብኛል። እሱ ቶሎ በይ ይለኛል፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሰፋው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሸሚዝ ግዢለት፤ መልኩ የፈለገው ይሁን። የአንገቱን ልክ ግን በምታውቂው አትግዢ፤ በጣም ጠበብ ይበል። በፖስታም አትላኪው። ሕፃኑ መንገድ ከቻለልሽ ራስሽ ይዘሽው ነይ። አትምጪ ያልኩሽን እርሺው፣ ሆዴ።

ጌታ መንገዱን ያለስልስልሽ፤ ለልጅሽም ጤናና እንቅልፍ ይስጥልሽ። ባልሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ «ደህና ነው ብለሽ ጻፊላት» ብሎኛል። ይኸው ጽፌልሻለሁ።

እናትሽ
ኦርፋ