የባሕር ዘንግ ለፈጣም ወንዝ

ሰኔ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ዝናብ። ፈተና ሳርም ዋልኩ። ማታ ላይ ሮይ ጠራን፤ እኔንና የሒሳብ መምህሩን ደረሰን። ሮይ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው አሜሪካዊ ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ ዕቃውን እያደለ ነው።

ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አወጣ። አንዱ ረጅም፣ ወፍራም፤ ክር መጠቅለያው የሕፃን ራስ ያክላል። ሌላው አጭርና ቀጭን፣ ልምጭ በለው። «አባትህ ዓሣ ይወዳሉ ብለኸኛል፣ አንተ ቅደምና ምረጥ» አለኝ። ረጅሙ የባሕር ነው አለ። እሱ አገር ማዕበሉ ከሚሰበርበት ዳር ወይም ከመርከብ ማቆሚያው ላይ ቆመው ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት አርቀው የሚወረውሩበት... «ለወንዝ አጭሩ ይሻላል። ዛፍ ካለ ረጅሙ አይሆንም።»

ሰምቻለሁ። ግን ለአባዬ ልምጭ ይዤ ልግባ? ለትልቅ ሰው ትንሹን? ትልቁን ደረሰ ይዞ ሲሄድ ልየው? ረጅሙን አነሣሁ። አጭሩን ደረሰ ወሰደ።

ሰኔ 13

ዘንጉ ክፍሌ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጣሪያው ይይዘዋል። ደስ ብሎኛል።

መስከረም 3 ቀን 1959፣ ቡሬ አጠገብ፣ እናት አባቴ ቤት

አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሳስሬው መጣሁ። አንዱ ተሳፋሪ «የስልክ እንጨት ነው ወይ?» ብሎ ሁሉን አሳቀ።

አባዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። መረቁኝ፣ መረቁኝ... እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ዓለምብርሃን ዞሮ ዞሮ አየውና አባዬን «አድማሴ፣ ዓሣውን ልታጠምድበት ነው ልትወጋበት?» አላቸው። አባዬ መጠቅለያውን አሽከረከሩት፤ ጠርርር! «ይኸማ የመኳንንት ነው» አሉ።

ፈጣም ገና ሞልቷል። ኅዳር ላይ ሲጠራ ይወርዳሉ። ድሮም ከእርሻ ሲመለሱ ሌላው ጠላ ቤት ሲሄድ እሳቸው ወንዝ ነበር የሚሄዱት። ሰው ቢስቅባቸውም ግድ የላቸውም። አሁን ማን ይስቃል?

የሸምበቆ ዘንጋቸው ከበሩ ኋላ የለም። የት ሄደ? ልጠይቅ ብዬ ረሳሁት።

ኅዳር 9፣ ፍኖተ ሰላም

ደረሰ ቤት ዓሣ በላሁ። ከላህ ወንዝ፣ በዚያች ልምጭ ያወጣው። «ቀላል ናት፣ ከቅጠሉ ሥር ሹልክ ትላለች» ይላል። አልጣፈጠኝም። ጨው በዝቶበታል... ወይስ ቅናት ነው?

ኅዳር 26

ከእኛ አገር የመጣ ሰው አገኘሁ። «አባትዎ ደኅና ናቸው። ዘንጉም ደኅና ነው በለው ብለዋል» አለኝ። የዘንግ ደኅንነት ምንድን ነው? ዓሣ ያዘ አይሉም?

ታኅሣሥ 30፣ ቤት

ዘንጉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባዬ ሲነሡ ምርኩዝ ያዙ። ምነው ስላቸው «ብርድ ነው» አሉ።

እናቴን ጓሮ ወስጄ በጥያቄ ያዝኳት። «አንድ ቀን ወረዱበት» አለች። «ሲወረውሩ ክሩ ሾላው ላይ ተጠመጠመ። የልጄ ዕቃ ዛፍ ላይ አይቀርም ብለው ሲጎትቱ ገደሉ ከዳቸው። በዳሌያቸው ወደቁ። ሰው ተሸክሞ አመጣቸው።»

«ሸምበቋቸውስ?»

«ያን ያመጣህ ዕለት ለዓለምብርሃን ሰጡት። ልጄ ይህን አምጥቶልኝ በሸምበቆ ሳጠምድ ብታይ፣ የልጁን ስጦታ ናቀ ይሉኛል አሉ።»

«ለምን አልላካችሁብኝም?»

«ይከፋዋል አሉ፤ እንዳትነግሪው አሉ።»

አይ እኔ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ሮይ በግልጽ ነግሮኝ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ቢል መከራ ይምከረው... ግን መከራው ለእኔ መቼ ሆነ? ለእሳቸው ሆነ እንጂ።

ጥር 1

ሸምበቆ ቆርጬ፣ ልጬ፣ መንጠቆ አሰርኩበት። አባዬ ዳሰሱት። «ጎበዝ፣ እጅህ አልረሳም» አሉ። እንውረድ ስላቸው ቁልቁለቱን አዩት። «እስቲ ሲሞቅ» አሉ። ሞቀ። አልወረዱም። አዝልዎታለሁ ብላቸው ተቆጡ።

ጥር 14

ለጥምቀት መጥቼ ሰነበትኩ። የደረሰን ዘንግ ለምኜ ይዤ ነበር፤ «ለአባትህ ከሆነ ውሰዳት» ብሎ ሳያቅማማ ሰጠኝ። አባዬ ያዟት፣ ወዘወዟት፣ ፈገግ አሉ። «ይችማ የፈጣም ናት...» አሉ። ያኔ መስከረም ላይ ይችን ባመጣሁላቸው ኖሮ። ዘንጓን መለሱልኝ።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠው «ያ የፈረንጁ ባሕር ስፋቱ ምን ያህል ነው?» አሉኝ።

«ማዶ የለውም አሉ።»

«እስቲ ያን ረጅሙን አውርድና አሳየኝ።»

መንጠቆውን ፈታሁ፣ እርሳሱን ብቻ ተውኩ። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነው። ወረወርኩ። ክሩ ፉጨት አሰምቶ ሄደ፣ ሄደ... ክምሩን አልፎ ወደቀ። ዛፍ የለ፣ ምን የለ። አባዬ «ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁ። ዘንጉን ከጭናቸው አስደግፌ ሰጠኋቸው፤ እያሽከረከሩ ሳቡት። እናቴ ሰዎቹ አበዱ ብላ ወጥታ ታየናለች።

መሐል ላይ ክሩ ተወጠረ። «ያዘ!» አሉ። «ትልቅ ነው መሰል፣ እንቢ አለኝ።» ሄጄ እርሳሱን ከቃርሚያው አላቀቅኩላቸው። ፊቴን ሳላዞር ትንሽ ቆየሁ፤ እንባዬን እንዳያዩ። ፈጣም ከታች ይሰማል።

ደጋግሜ ወረወርኩላቸው። ሲመሽ ዘንጉን ሊሰቅሉት አልፈለጉም፣ አጠገባቸው አቆሙት።

«ነገም ትወረውርልኛለህ?» አሉኝ።

ነገ ፍኖተ ሰላም ማስተማር አለብኝ።