የአባባ አጨባበጥና አዲሱ መሣሪያ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ ብርድ እንዴት እያደረጋችሁ ነው? እማዬ እግዜር ይመስገን ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሬ አልሄድ አለኝ።

ስንለምነው የኖርነው የምስል ማንሻ መሣሪያ ለላብራቶሪያችን መጣልን። በሩ አላስገባው ብሎ መቃኑን አስነቅለን፣ እንደ ሙሽራ አጅበን አስገባነው። አለቃዬ ደስታዋን መያዝ አቅቷት አናጢውን ሳይቀር አቀፈችው። በሴላችን ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል ቀጭን ክር አለ፤ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ትእዛዝ ያደርሳል። ክሩ ያለ ቅጡ ከታጠፈ ቋጠሮ ይሆንና ፕሮቲኖችን አፍኖ ይይዛል፤ ያኔ ሰውነት ይታወካል። መሣሪያው ይህን ቋጠሮ እንደ ፍም አብርቶ ያሳያል።

ለሙከራ ይህ ቋጠሮ ያለባቸው ሕሙማንና የጤነኞች ሴል ጎን ለጎን መታየት ነበረበት። ጤነኛ ተብለን ከክንዳችን ቆዳ የሰጠነው እኛው ሠራተኞቹ ነን። የሌሎቹ ምንም የለበትም። የእኔ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ፈሰሰበት። መሣሪያውን የተከለው መሐንዲስ፣ ጠርሙስ ተቀያይሮ ይሆናል ብሎ ሳቀ። ደግመን ሠራነው፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አለቃዬ በሩን ዘግታ፣ እስቲ ጨብጪኝና ልቀቂኝ አለችኝ። ጣቶቼ እሺ ብለው እስኪፈቱ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አባትሽ በምን ሞቱ አለችኝ።

ወንድሜ፣ አባባ የጨበጠውን ሰው አልለቅ ሲል ፍቅሩ ነው እያልን ስንስቅ አላደግንም? በተኛበት ልቡ ቀጥ ሲልም ቀኑ ደርሶ ነው አልን። ቋጠሮው ጡንቻ ቶሎ እንዳይፈታ ያደርጋል፣ ልብንም ያውካል፤ ሁለቱም ከእሱ ሳይመጡ አይቀሩም ትላለች አለቃዬ። ባለፈው፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጄን መዶሻው ላይ ያጣብቀዋል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ብርዱ አይመስለኝም። ደግሞ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ቶሎና በርትቶ ይይዛል አሉ። መድኃኒቱ ገና ነው፤ ልብን ግን ቀድሞ መጠበቅ ይቻላል። አደራህን፣ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሄደህ ልቤን እዩልኝ በል። እኔም ሰኞ እታያለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ከማንም በፊት ለእሷ ንገራት። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን ሳምልኝ። ትንሿን ደግሞ እጇን ጨብጠህ ሰላም በላት፤ ስትለቅህ ጣቶቿን ልብ ብለህ እይልኝ።

እህትህ
ከላብራቶሪው ጓሮ ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር ፲፱ ቀን