ፕላስተሩ እስኪወድቅ፦ የአቶ እንዳላማው ፈንታ የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳላማው ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ባዘዘው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አይናዲስ ዘመነ ሚያዝያ 9 ቀን 1951 ዓ.ም በደብረ ኤልያስ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ዳዊት እንዲደግሙ ወደ ዲማ ቢላኩም በሁለተኛው ወር በእግራቸው ተመልሰው መጡ። የኔታ ለአባታቸው የላኩት መልእክት እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይነገራል፤ ልጁ አእምሮው ፈጣን ነው፣ መቀመጫው ግን አልረጋ አለ የሚል ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ አጠናቀዋል። ቀጥሎም በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው ከ1972 ዓ.ም ጀምሮ በደብረ ወርቅና በሌሎች ስድስት ወረዳዎች ሠሩ። በየሁለት ዓመቱ ዝውውር የሚጠይቁት ራሳቸው ነበሩ። በ1977 ዓ.ም ከወ/ሮ ያለምወርቅ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ልጆቹ የተወለዱት በሦስት የተለያዩ ከተሞች ነው። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ላይ ያስቀመጣቸው የጋሪ ፈረስ ነው። እራት ላይ ሆነው የሰኮና ድምፅ ከውጭ ሲሰሙ፣ አንደኛው እግር ከሌሎቹ የዘገየ ከመሰላቸው ጉርሻውን ትተው ይወጡ ነበር። በልጃቸው በመቅዲ ሠርግ ቀንም ሙሽሮቹን ያመጣውን ፈረስ ሰኮና ሲያነሡ ፎቶው ሳያካትታቸው አልፏል።

በ2008 ዓ.ም በጋሪ ፈረሶች ጤና ላይ በተሰጠ ሥልጠና ለስፖርተኞች የሚለጠፈውን ተለጣጭ ባለቀለም ፕላስተር ለፈረስም መጠቀምን ተማሩ። ጠጉሩን አጽድተውና አድርቀው፣ የፕላስተሩን ጫፎች በመቀስ አክብበው፣ የጡንቻውን አካሄድ ተከትለው በእጃቸው ሙቀት እያሹ ይለጥፉት ነበር። ባለጋሪዎቹ በሰማያዊው ፕላስተር ሳቁ። “ጋሼ እንዳላማው፣ ፈረሱን ለሥራ ነው ለሠርግ ያዘጋጁት?” ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም “ለሠርግ ቢሆን አንተን አጥቤ እጀምር ነበር” እያሉ ይመልሱ ነበር።

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም የሆነውን ቤተሰቡ መደበቅ አልፈለገም፤ እርሳቸውም አልደበቁትም። የባለጋሪው የአቶ አንሙት፣ መልኩ ዳማ የሆነ ፈረስ ትከሻውን ታሞ መጣ። ፕላስተሩን ለጥፈው ሲጨርሱ “ጠግኜልሃለሁ” አሉት። አሰርሁለት ማለታቸው ነበር። አቶ አንሙት ግን የሰማው አበቃ፣ ዳነ የሚለውን ነው። በማግስቱ ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ዳገቱን ሲያስወጣው ፈረሱ ወደቀ፤ አልተነሣም። አቶ አንሙት በራቸው ላይ ቆሞ “ጠገንሁት አላሉኝም ወይ?” ሲላቸው ብዙዎች ጥፋቱ የጫነው ሰው ነው አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ፕላስተሩን ወቀሱ። እርሳቸው “የተሳሳትሁት በቃል ነው” አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ “ጠገንሁ” የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ “ለጥፌበታለሁ” ብቻ ይሉ ነበር። አንድ ሕግም አወጡ፤ ፕላስተሩ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ፈረሱ ጋሪ አይጎትትም። በ2011 ዓ.ም ጡረታ ወጥተውም በየጋሪ ማቆሚያው እየዞሩ ይህንኑ ይቆጣጠሩ ነበር። ፕላስተሩ ራሱ ምን ያህል እንደሚረዳ ሲጠየቁ እርግጠኛ አልነበሩም። ሰኮናው ተስተካክሎ፣ የሚልጠው ቀንበር ለስልሶ ያረፈ ፈረስ ያለ ፕላስተርም ሊሻለው እንደሚችል ይናገሩ ነበር። ባለቤቱ ግን ሰማያዊውን እያየ ለመጫን ያፍራል፤ ለእርሳቸው ይህ በቂ ነበር።

በመስከረም 2018 ዓ.ም የልብ ሕመም ጸናባቸው። ሐኪም አልጋ ላይ እንዲውሉ ቢያዝዝም በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ከጋሪ ማቆሚያ ተመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ወ/ሮ ያለምወርቅ ከፕላስተሩ ጥቅል ቆርጠው ጫፉን አክብበው በእጃቸው አንጓ ላይ ለጠፉባቸው። “እስኪወድቅ ከበር አይወጡም፤ ሕጉ የርስዎ ነው” አሏቸው። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ከሳቁ በኋላ እሺ አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ሁሉ ያልጠበቁት ነገር ነው፤ በእውነት አልወጡም።

ፕላስተሩ በተለጠፈባቸው በስድስተኛው ቀን ከውጭ የሚያነክስ ፈረስ ድምፅ ሰሙ። ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱ፤ እጃቸውን አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ባለቤቱን አስጠሩት፤ አቶ አንሙት ነበር፣ ከአዲሱ ፈረሱ ጋር። ፈረሱን ግቢ አስገብተው፣ እርሳቸው ወንበር ላይ ሆነው በቃል እየመሩት ፕላስተሩን አቶ አንሙት በገዛ እጁ ለጠፈ። ሲጨርስ “ጠገንሁት?” ብሎ ጠየቃቸው። “ለጠፍህበት” አሉት፤ ሁለቱም ሳቁ።

አቶ እንዳላማው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በእጃቸው ላይ ያለው ፕላስተር ስላልወደቀ ቤተሰቡ አላነሣውም። አቶ አንሙትም ዛሬ ወደ ቀብሩ የመጣው በእግሩ ነው፤ ፈረሱ ቤት ቆሟል።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ያለምወርቅን፣ ልጆቻቸውን መቅዲን፣ ዘመነንና ሂዊን እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ለደከመ እንስሳ ያስከበሩትን ዕረፍት፣ እርሳቸው ራሳቸው ግን ብዙ ያልቀመሱትን፣ እግዚአብሔር በቅዱሳኑ አጠገብ ለነፍሳቸው ይስጥልን። ለቤተሰቡም መጽናናትን ያድልልን። አሜን።