ጨው የነካት ጅራፍ ሸረሪት

እሑድ

ዓይን የላትም። ሦስት ጊዜ አየኋት። መሃል ላይ መኖር የነበረባቸው ሁለት ዓይኖች የሉም። ለሌላ ሰው ደግሜ ከመናገሬ በፊት እዚህ ይስፈርልኝ።

ጠዋት የኮሌጁን የእንስሳት ናሙና ክምችት ክፍል ወልውዬ ስጨርስ እንደ ልማዴ የጎደሉትን ብልቃጦች አልኮል እሞላ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አልኮል መሙላቱን ማንም ስለማይወደው ለእኔ ተተወ። ጎንደር ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ላስተማረ ሰው እዚህ አገር ከመወልወያ ቀጥሎ የተሰጠ ትልቁ አደራ ይኸው ነው። የእሷን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ሳነሣ ታዲያ እጄ እዚያው ቀረ።

የአማርኛ ስም ያላት አይመስለኝም። እኔ ጅራፍ ሸረሪት ብያታለሁ። የሸረሪት ዘመድ ናት እንጂ ሸረሪት አይደለችም፤ ድር አትሠራም፣ መርዝ የላትም። ድንጋይ ሥር እንድትገባ ይመስል አካሏ ጠፍጣፋ ነው። ስምንት እግር አላት፤ የምትሄደው ግን በስድስቱ ብቻ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ ክር ቀጥነው፣ ረዝመው መዳሰሻ ሆነዋል። ከእነሱ ፊት እሾህ ያላቸው ሁለት መያዣ ክንዶች አሉ። ሁለመናዋ ተሰብስቦ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ወረቀቷ ከገሊላ ዋሻ መምጣቷን ይናገርና የዓይናማዋን ዝርያ ስም ይሰጣታል። ዓይናማዋ ስምንት ዓይን አላት፤ በየጎኗ ሦስት ሦስት፣ ከፊት መሃል ላይ ሁለት። ይህችኛዋ የጎኖቹ አሏት፣ እነሱም የደበዘዙ ናቸው። የመሃሎቹ የሉም። መልኳም የገረጣ ነው። ዋሻ ውስጥ ብቻ የምትኖር ሌላ ዝርያ መኖሯን ከክፍሉ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። ይህች እሷ ናት፤ ስም የሰጧት ሰዎች ተሳስተዋል።

ለክምችቱ ኃላፊ ለዶክተር ኑሪት ነገርኋት። ከወንበሯ ሳትነሣ “ቆሻሻ ሸፍኗት ይሆናል” አለችኝ። ስለ ቆሻሻ ለእኔ ትነግረኛለች።

ሰኞ

ኑሪት ዛሬ ራሷ ጠራችኝ። ነገሩ ሲከነክናት አድሮ ይሆናል። ኮሌጁ ለአይሁድ ፋሲካ ሊዘጋ ነው፤ እሷ ደግሞ በበዓሉ መሃል፣ በመጪው እሑድ ይህች ብልቃጥ ያለችበትን መሳቢያ ዝርዝር ማጠናቀቅ አለባት። ጊዜ የላትም። “ቤት ውሰጃትና ሣያት፤ አሳምኚኝ” ብላ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ሰጠችኝ። ካሳመንኋት ከጽዳት ወጥቼ ክምችት ክፍል እንድሠራ ለአለቆቿ ትጠይቅልኛለች። ይህን ያለችው በር ላይ ቆማ ቁልፏን እየፈለገች ነው። ግን ብላለች፤ ሰምቻለሁ።

የሚሠራው፦
የመሃል ዓይኖች። አለመኖራቸውን ከፊትም ከላይም መሣል።
የክንዶቿ እሾህ። ግራና ቀኝ መቁጠር።
መዳሰሻ እግር። አንጓዎቹን መቁጠር፣ የሁለቱንም። ተቆርጦ እንደገና የበቀለ እግር አንጓው ያንሳልና በአንዱ አልተማመንም።
ከሆዷ ሥር ያለው የመራቢያ ክዳን። ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ከክዳኑ በስተውስጥ ያሉት ሁለት ለስላሳ ጉጦች ቅርጻቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያል። አንዴ ከተቀደደ ስለማይመለስ መጨረሻ ላይ።

ብልቃጧን ባዶ የሰሊጥ ማባያ፣ የጠሂና ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ እስከ ሰፈሬ ናሕሊኤል ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የሚበላ መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ቤት እማማ ይታይሽ አሉ፤ የባሌ እናት። ባሌ ያየህ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እናቱ ከእኔ ጋር ቀሩ። እሳቸው ሱዳንን በእግራቸው አቋርጠው ከመጡት አይሁድ ናቸው። እኔ ከሃያ ዓመት በኋላ በአውሮፕላን መጣሁ፤ ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና ከገቡት ወገን ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ተከባብረን እንኖራለን። ፋሲካ ሲደርስ ግን ልዩነታችን ትዝ ይላቸዋል፤ ድስቶቼን አንድ በአንድ እያነሡ ያሸታሉ።

ማክሰኞ

ጥሩ ቀን ነበር ማለት እችላለሁ፤ እስከ አሥር ሰዓት።

እሾሆቹን ቆጠርሁ። ግራና ቀኝ እኩል ናቸው፤ ከመጽሐፉም ጋር ገጠሙ። የግራው መዳሰሻ እግር ከቀኙ አንጓው አነሰ። መጀመሪያ ደነገጥሁ፤ በኋላ ሳየው ለካ ድሮ ተቆርጦ የበቀለ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ደረስሁበት። የጭንቅላቷን ሥዕል ሁለት ጊዜ ቀድጄ በሦስተኛው ተሳካልኝ። የቀረኝ ክዳኑ ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ እማማ የዳቦ ፍርፋሪ እንዳይቀር የቁም ሣጥኑን ጥግ በቢላ ጫፍ እየፋቁ ሳለ ቀና አሉ።

“ምንድን ነው የሚሸተው? አረቄ ነው?”

“አልኮል ነው፣ እማማ። የሚጠጣ አይደለም።”

“ከምን ይወጣል?”

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ጥያቄ ጠይቆኝ መልሴን ቆሞ የጠበቀኝ ስንት ዘመኔ ነው? እንደ ክፍል ውስጥ አደረገኝ። እህሉ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ከበቆሎም ይወጣል፣ ከስንዴም ይወጣል ብዬ እስከ ጥግ ድረስ አስረዳኋቸው።

“ከስንዴ ከሆነ ሐሜጽ ነዋ” አሉ፤ በፋሲካ ቤት የማይገባ፣ እርሾ የነካው እህል ማለታቸው ነው።

ሰው ቢጠጣው የሚገድል ነገር ነው፣ የማይበላ ከሆነ ራቢዎቹ ይፈቅዱታል አልኋቸው። “የኛ ቄሶች ፋሲካ ሲገባ እርሾ የነካውን ሸክላ ሳይቀር ያሰብሩን ነበር” አሉኝ። ቀጥለውም፣ ወደ ሣጥኑ ዞረው፣ “እናንተማ ይህን የት አይታችሁ” አሉ። ለሃያኛ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። ዛሬም አንጀቴን አሳረረው።

ረቡዕ

በዓሉ ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ ከገባ በኋላ መጻፍ የለም። ስለዚህ በአጭሩ።

ጠዋት ገበያ ወርጄ ነበር። ሰላጣ፣ ድንች፣ እንቁላል። ስመለስ ብልቃጧ ታጥባ መስኮቱ ላይ ተደፍታለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ክምር ጨው፤ ከጨው ውስጥ አንድ ቀጭን እግር ወጥቷል።

“አልኮሉን ደፋሁት። እሷን ግን አልጣልኋትም” አሉኝ እማማ፣ ደግ እንደ ሠራ ሰው። “እንዳትሸትብሽ ጨው አደረግሁላት። ሥጋ እንኳ በጨው ይሰነብታል።”

ጮህሁባቸው። ያልሁትን ሁሉ አልጽፈውም። አንዱን ግን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ብላኛለች ብለው ቢከሱኝ እውነት ነው፦ “ልጅዎን ቀብሬ እርስዎን ያስቀመጥሁት ሕይወቴን እንዲደፉብኝ ነው?” አልኋቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ጨው ማድረጋቸው ያለ ምንም ከመተው የሚሻል መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ አልኮል የለም፤ ውኃ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ እስከ ዓርብ ትበሰብስ ነበር። ጨዉ ያደርቃታል፣ ያጨማድዳታል፣ ግን አትበሰብስም። ይህን አልነገርኋቸውም። አሁን ለሁለት ሰው የተሰናዳ ማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደ በዓሉ ልማድ ስለ ነፃነት ልናነብ ነው።

ዓርብ

ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ “እንኪ” እና “እሺ” ብቻ ነው የተነጋገርነው። ዛሬ ጠዋት ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ መጣሁ። ቤት እንዳላስገባው በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ እማማ አዩኝ። “ደጅ፣ የቆጣሪው ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥሽው እኔ አላየሁም” አሉና ገቡ።

ጨዉን በላባ ጠርጌ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሬ ነከርኋት። ውኃውን ሁለት ጊዜ ለወጥሁ። ቀስ በቀስ ለሰለሰች። የቀኙ መዳሰሻ እግር ግን ከመሃሉ ተቀነጠሰ፤ ደህናው፣ የምተማመንበት። ደግነቱ ማክሰኞ ቆጥሬዋለሁ። ደግነቱ ሥዬዋለሁ። ግን ከእንግዲህ ደግሞ ቆጥሮ የሚያምነኝ የለም፣ ቃሌ ብቻ ነው።

ክዳኑን ለመግለጥ በደህና የሚያይ ዓይንና ሦስት እጅ ያስፈልገኝ ነበር። ሳልጠራቸው መጡ። የስልኬን መብራት ያዙልኝ። ክዳኑ ሳይቀደድ ተነሣ። ጉጦቹ አሉ፤ ጨምደድ ብለዋል እንጂ ቅርጻቸው ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አንድ ነው። የዋሻዋ ናት። ተቀመጥሁና አለቀስሁ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

“እኔም ልያት” አሉ። ማይክሮስኮፑን ዝቅ አደረግሁላቸው። ብዙ ቆዩ።

“ዓይኗስ?”

“መሃል ላይ የላትም። ጨለማ ውስጥ ስለምትኖር።”

“ታዲያ ወረቀቷ ላይ ዓይን አላት ብሎ የጻፈው ማን ነው?”

“የተማሩ ሰዎች፣ እማማ።”

“አላዩአትማ” አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “እሑድ አብሬሽ እሄዳለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ።” አያስፈልግም አልሁ። ነጭ ቀሚሳቸውን ከሣጥን አውጥተው ማጣጠፍ ጀመሩ። ስለ ረቡዕ ቃሌ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ጥድፊያ ነው እያልሁ አለፍሁት።

እሑድ

ሄድን። ሁለት አውቶቡስ። እማማ መንገዱን ሙሉ የጠሂናውን ዕቃ እሳቸው ያዙት።

ኑሪት ብቻዋን ነበረች። ሥዕሎቹን አይታ ቅንድቧ ተነሣ፤ ወደደቻቸው። ቀጥሎ ብልቃጧን አነሣች። “ምን ሆና ነው እንዲህ የተጨማደደችው?” አለችኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ፈሰሰብኝ ልል ነው። አፌን ሳልከፍት እማማ ተነሡ። አርባ ዓመት እዚህ ኖረው ዕብራይስጣቸው ከሰላምታ አላለፈም፤ በአማርኛ፣ ለዳኛ እንደሚናገር ሰው ቆመው ተናገሩ።

“ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ፋሲካ ነው ብዬ አልኮሉን ደፍቼ ጨው አደረግሁባት። ምራቴ አላጠፋችም። የዚህችን ስም ከሁላችሁ በፊት ያወቀች እሷ ናት፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ የእሷ ስም ይጻፍላት።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ተርጉሚላት።”

ተረጎምሁ። አልኮሉን የደፉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጨው እንዳደረጉባት፣ ይቅርታ እንደሚጠይቁ። እዚያ ላይ ቆምሁ። የቀረውን አፌ እምቢ አለኝ። ያወቀችው እሷ ናት፣ ስሟ ይጻፍላት ብዬ በገዛ አፌ ስለ ገዛ ራሴ እንዴት እላለሁ? አሮጊቷን አስጠንታ አመጣቻት ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እማማ እስክጨርስ እየጠበቁ አዩኝ። ኑሪትም አየችኝ። “ይኸው ነው” አልኋት።

ኑሪት መጀመሪያ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ ቆየች። “ናኮን” አለች፤ ልክ ነው ማለቷ ነው። “የዋሻዋ ናት። ትክክል ነሽ።” ወደ ኮምፒዩተሯ ዞራ ስሙን ለወጠች። ማን እንደለያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጣቶቿ በልማድ የራሷን ስም ጻፉ። አጠገቧ ቆሜ እያየሁ ነው። በዕብራይስጥ ፊደሎቹ አምስት ናቸው።

ስለ ሥራው ራሷ አነሣችው። “እንዴት ብዬ ልጠይቅልሽ? ናሙናዋ ኩሽና ገብታ ጨው እንደተነሰነሰባት ቢሰሙ እኔንም ይጠይቁኛል። ትንሽ እንቆይ፣ ቤሴደር?” ቤሴደር አልኋት፤ እሺ ማለት ነው። ጥፋቱን ራሴ ቃል በቃል፣ ሳላጓድል ነው የተረጎምሁላት። የሚጠቅመኝን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

ስንወጣ እማማ “ጻፈች?” አሉኝ።

“ጻፈች።”

“ያልሁትን ሁሉ ነገርሻት?”

“ሁሉንም።”

አውቶቡሱ ላይ እጄን ያዙኝ። ያየህ በሞተ ጊዜ እንኳ እጄን አልያዙኝም ነበር። “ወገንሽ ጎበዝ ነው” አሉኝ። ይህን ለመስማት ስንት ፋሲካ ጠብቄ እንደነበር እሳቸው አያውቁም። መስኮቱን እያየሁ መጣሁ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም።

አሁን ኩሽና ተቀምጫለሁ። ዝርዝሩ የሚላከው ነገ ጠዋት ነው፤ የኑሪት ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። አኒ ዚሂቲ ኦታ። እኔ ነኝ የለየኋት ማለት ነው። ሦስት ቃል። ድምፄ እንዴት እንደሚሆን ለመስማት ጮክ ብዬ አልሁት።

እማማ ከሳሎን “ማንን ነው የምታናግሪው?” አሉኝ።

“ማንንም” አልኋቸው።