ላልሞተች ሴይቼንቶ የተተከለው ድንኳን

ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ ሸዋዓለም
የቀበሌያችን የሞተር ስፖርት ኮሚቴና የመኪኖች ዕድር ሊቀመንበር

ግልባጭ፦ ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለኅብረት ሱቁ በር፣ እንዲሁም ተራ እየጠበቀ የሚያነበው ላጣ ተሰላፊ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በሕይወት ሳለች ስለተለቀሰላት መኪና

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎ በደስታ፣ ፔዦዎም ያለ አንዳች ጭረት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ፔዦዎ እንኳ ሐሳብ አይግባዎት፤ ትናንት በሰንጋ ተራ በኩል ሲያልፉ አይቼው መከላከያው ላይ ከቀረችው ሰማያዊ ቀለም በቀር ደኅና መሆኑን አረጋግጫለሁ። ቀለሟ የእኛ ናት፤ ሲመችዎት ይመልሱልናል።

በየሳምንቱ የውይይት ክበባችን ላይ ሂስ ማለት ጓድ ለጓዱ የሚሰጠው ስጦታ መሆኑን ደጋግመው ስላስተማሩን፣ ባዶ እጄን ላለመቅረብ ብዬ ይህችን አዘጋጅቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ልናገር። ባለፈው የላብ አደሮች ቀን ኮሚቴዎ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ባለው ሜዳ ላይ በርሜል ደርድሮ ለሰፈራችን ባለመኪኖች የእሽቅድምድም ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። የመድን መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ተጠይቆ ውሉ በመንገድ ላይ ለሚደርስ አደጋ እንጂ ለእሽቅድምድም እንደማያገለግል በትሕትና ነግሮናል። እርስዎ ግን በመላ የሚታሙ ሰው አይደሉምና የሰፈሩን የቀብር ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አስመጥተው፣ «አባል» የሚለውን ቃል በሙሉ አስፍቀው «መኪና» በሚል አስተክተው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የመኪኖች ዕድር አቋቋሙልን። አዳራሹ ሙሉ ሰው እጁን አውጥቶ አጸደቀው። ዕድር ለሟች የቆመ መሆኑን ያን ዕለት ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

አባቴ አቶ ኦልጅራ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ሴይቼንቶ ታክሲ አላቸው። እኔን አስተምራ ለመምህርነት ያበቃችኝ እሷ ናት፤ ታናናሾቼም ዛሬ የሚበሉት ከእሷ ነው። እርስዎ ቤታችን ድረስ መጥተው አንዲት ሴት ተወዳዳሪ እንኳ ከጠፋች በበላይ አካል ፊት እንደሚያፍሩ ሲነግሩን አባቴ አንገራገሩ። ያኔ እርስዎ ጉርሻዎን ሳይውጡ፣ «ጋሽ ኦልጅራ፣ አንዲት ጭረት ብትነካት እኔ አለሁ፤ ዕድሩስ ለምን ተቋቋመ?» አሉ። አባቴ ቁልፉን ያቀበሉኝ ይህን ቃል ሰምተው ነው።

የሆነውን ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ አይቷል። እየመራሁ ነበር። የመጨረሻው በርሜል ጋ ስደርስ ለመታጠፍ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ፔዦዎ አልያዘም። ሴይቼንቶ ደግሞ፣ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሌላው መኪና ጅራቱን በሚመታበት እሷ ልቧን ትመታለች።

ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጥፋተኛው በአስቸኳይ ስለታወቀ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ ሰብሳቢ እርስዎ፣ ዋናው ምስክር እርስዎ፣ ከኋላ የመጡትም እርስዎ በመሆንዎ ሥራው እጅግ ተቀላጥፏል። «ጓዶቿ በአንድነት ወደፊት ሲገሰግሱ እሷ በግለኝነት ስሜት ተነሳስታ ፍሬን ይዛለች» የሚለው ውሳኔ ተነቦልኛል። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ በመጽሐፋችን መሠረት ከኋላ መጥቶ የገጨው ራሱ የገጨው ነው። መጽሐፉ እስኪታረም ድረስ ይታገሡኝ።

2ኛ/ ዕድሩ የጤና መርማሪ ቡድን ወደ ቤታችን ስለላከ አመሰግናለሁ። የቡድኑ መሪ ጓድ ሞቱማ ዙሪያዋን ከዞረ በኋላ በመስኮት እጁን አስገብቶ ጥሩንባዋን ተጫነ። ጮኸች። «ድምፅ አላት፤ በሕይወት አለች» ብሎ ኮፍያውን አጠለቀና ሄደ። በማግስቱ በደረሰን ማስታወቂያ ዕድሩ የሚመለከተው ሞትን እንጂ ሕመምን ስላልሆነ፣ ስትሞት ወዲያውኑ እንድናስታውቅ በአክብሮት ተጠየቅን።

3ኛ/ ይግባኝ ብዬ ስጮኽ፣ ስለ ችግሬ አዝነው በልዩ አስተያየት መኪናዋን ስለገደሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ ሞቷ ከታወጀ ዕድሩ ያሠራታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርስዎ ግን ዕድር ይቀብራል እንጂ አይጠግንም ብለው አስረዱኝ። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ሲንኳኳ ብከፍት አባላቱ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ንፍሮ የያዘ በርሜል ተሸክመው ቆመዋል። ድንኳኑ በሴይቼንቶዋ ላይ ተተከለ። ወንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። አባቴን እየተጠጉ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲሏቸው፣ እሳቸው ለእያንዳንዱ በትዕግሥት፣ «አልሞተችም እኮ፤ ራዲያተሯ ነው» ይሉ ነበር። ማንም አልሰማቸውም፤ ሐዘንተኛ የሚናገረውን ማን ይሰማል።

የሰፈራችን አልቃሽ እማማ ጠጅቱም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ሟቿን ሲያዩ ይስቃሉ ብዬ ነበር። ቆም ብለው ጣሪያዋን ዳሰሱ፤ «ይህች'ኮ ባሌን በሰዓት እላፊ ሆስፒታል ያደረሰችልኝ ናት፤ ለሰው ሁሉ አልቅሼ ለእሷ ልቀር?» አሉና አወረዱት፦

ከፊት ቢመጣባት ታየው ነበር ባይኗ፣
ከኋላ መጣ እንጂ ወዳጅ መስሎ ጎኗ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ሲዞር እርስዎ ንፍሮ አንቆዎት ነበርና ግጥሙን በሚገባ ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩልዎት።

4ኛ/ ንፍሮው ጨው አንሶታል።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ነገር ግን ሳልስቅ እነግርዎታለሁ። አባቴ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ። የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው ይገቡና መስተዋቷን ይወለውላሉ፤ ከዚያ መሪዋን ይዘው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ታክሲዎች ወደ መርካቶ እየጮኹ ሲያልፉ እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል፣ የታመመ ሰው እንደተኛበት ክፍል። እርስዎ የሰጡትን ቃል ደግሞ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሳይፈጸም የምተወውም አይደለሁም።

አብነት ጋራዥ ያለው ሙሐመድ መጥቶ አይቷት ትድናለች ብሏል። ስለዚህ የምጠይቀው አጭር ነው፦ የገጫት ኮሚቴ ጎትቶ ወደ ሙሐመድ ጋራዥ ይውሰዳት፤ ያሠራት፤ በራሷ ሞተር እየነዳችሁ መልሷት።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ትንሽ ችግር አለ። ትናንት ድንኳኑን ለመውሰድ የተላኩት ሁለት ጓዶች ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በእኔ እምቢተኝነት አይደለም፤ እርስዎ ባስጸደቁት ደንብ ነው። ሞቷን ያወጁት እርስዎ ነዎት፣ ድንኳኑን የተከሉትም እርስዎ ነዎት፤ ድንኳን የሚነሳው ደግሞ ሐዘንተኛው «በቃኝ» ሲል መሆኑን ደንቡም ይላል፣ ሰፈሩም ያውቃል። እኔ በቃኝ አላልኩም። በልደታ ሐዘንተኛ ላይ ድንኳን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እማማ ጠጅቱ መግቢያው ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው እየጠበቁት ነው። እግዚአብሔር አያድርገውና በሰፈራችን ሰው ቢሞት፣ በዚያችው ሰዓት ካስማውን ነቅለን ተሸክመን እናደርሳለን። ለሌላ ጉዳይ ግን ሐዘናችን ከባድ ነው።

በጉዞዎ ሁሉ ቀኝ እግርዎ የፍሬኑን ፔዳል ፈልጎ እንዲያገኘው እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት የኋላ መብራት ስብርባሪ ጋር፣

ማናለብሽ ኦልጅራ
የፊዚክስ መምህርት፣ የመኪኖች ዕድር አባል፣ የሟች የቅርብ ዘመድ

ሳልጽፈው የማላልፈው፦ የልጅዎ የእንዳለች የሰርግ ጥሪ ደርሶናል፤ እንኳን ደስ አለዎት። በግንቦት መጨረሻ እሑድ እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ ሰፈራችን ያለው ድንኳን አንድ ብቻ መሆኑንም ሁላችን እናውቃለን። እንዳለች አብሮ አደጌ ናትና ቀኗ እንዲበላሽ አልፈልግም። ስለዚህ ሴይቼንቶዋ እስከዚያ ከዳነች፣ አባቴ አበባ አስረውባት ሙሽሮቹን ራሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ይህን እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው ያሉት። ካልዳነች ደግሞ ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ሰርጉ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይደረግ፤ ሙሽሮቹን ከሟች አጠገብ እናስቀምጣቸዋለን። ለዘፈኑ አያስቡ፤ እማማ ጠጅቱ ተጠይቀው፣ ከኋላ ስለመጣው ሰው የጀመሩት ግጥም ገና አላለቀም ብለዋል።