የተቀያየርናቸው ጠርሙሶች

ውድ ማህሩክ፣

ከሄድሽ አርባ ሦስት ቀን ሆነ። ልብሽ የቆመው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነው፤ ከፊትሽ አራት ሰው ነበር አሉኝ። «አራት ብቻ?» ብዬ ጠየቅኩ። እስካሁንም ልቅሶው አልመጣልኝም።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ ጥናት ነው። ሁለታችንም ጉበታችን ስብ ይዞ ነበር። የሮማን ጭማቂ የጉበት ኢንዛይማችንን ዝቅ ያደርግ እንደሆን፣ ጥናቱን የያዘችው ዶክተር ኔጋር «ዝገት» የምትለውንም የሰውነት ጉዳት ይቀንስ እንደሆን ሊያዩ መዘገቡን። ለግማሹ ሰው ጭማቂ፣ ለግማሹ እሱን የሚመስል ቀይ ውሃ፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ አይነገርም። ሌላ ሮማን ለስምንት ሳምንት አፋችሁ እንዳይገባ ተባልን። መላ ኢራንን ሮማን የምታበላ ሳቬ ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ያውም በለቀማ ሰሞን!

አንቺን የሮማን አትክልተኛ ልጅ ማን ያታልልሻል? ገና አንዴ ፉት ብለሽ፣ «ቱራን፣ ይሄ ሮማን በደጁም አላለፈ» አልሽ። የኔን ቀመስሽ፤ ዓይንሽ በራ።

«በይ ያንቺን ጠጪ» አልሽኝ።

«አንቺ እያየሽኝ? በጉሮሮዬ አይወርድም።»

«ሞኝ አትሁኚ! ያንቺስ ጉበት መች ደህና ነው?»

«በሞቴ ውሰጂው።»

«አልወስድም አልኩሽ!»

«እንግዲያው እደፋዋለሁ።»

እንደ ወጋችን ሦስቴ እምቢ ብለሽ በአራተኛው ወሰድሽ። ስምንት ሳምንት አንቺ ጭማቂዬን፣ እኔ ቀይ ውሃሽን ጠጣን።

ውጤቱ የመጣ ቀን፣ «ጉበቴ ሙሽራ ሆነ!» ብለሽ በስልክ ጮህሽ። የኔ ፍንክች አላለም። ከሐኪም ቤት ይዘሽ ከተመለስሽው ወሬ ሁሉ ደስ ያሰኘሽ እሱ ብቻ ነበር።

ትናንት ዶክተር ኔጋር ለማጽናናት ደወለች። ከዚያ፣ «ማህሩክ እኮ ግራ አጋባችን» አለች። «ውሃ ጠጥታ ከሁሉ ይበልጥ የተሻላት እሷ ናት። አንቺ ደግሞ ጭማቂ ጠጥተሽ እንደነበርሽ ነሽ። ለሌላው በሽተኛ ምን ብለን እንንገር?»

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጠርሙስ መቀያየራችንን ነገርኳት።

«ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«ታዲያ እሷ እያየችኝ ልጠጣ?»

ልትስቅ ጀመረችና ሳቋን ዋጠችው። ማስመሪያ አንስታ የጥናቱ መዝገብ ላይ ስምሽን ሰረዘችው፤ ቀጥላ የኔን። «ሁለታችሁም ጥናቱ ውስጥ አትቆጠሩም» አለችኝ። የብዕሩን ድምፅ ሰማሁት። «እሷን እንኳ አትሰርዢብኝ» ልላት አሰብኩ። አላልኩም። ቦርሳዬን አንስቼ ደህና ዋይ ብያት ወጣሁ።

ቅር ካለሽ ማሪኝ፣

ስምሽን ያሰረዝኩት ጓደኛሽ
ቱራን