አስካለን ለማን ልተዋት

መተማ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ወባው ዛሬ ለቀቅ አደረገኝ። ሳይመለስብኝ ልናዘዝ ብዬ የሟች ባሌን ወንድም ላቀውንና ጎረቤቴን ዘይነብን አስጠራሁ። የንስሐ አባቴ ጣሊያንን ሸሽተው ዱር ስለገቡ፣ ኑዛዜዬን እኔው ጽፌ ለሁለቱ አነበብሁላቸው። ቤቱም በሬዎቹም ለልጄ ለአስካለ ይሁኑ፤ ሞግዚቷ ዘይነብ ትሁን።

ላቀው ሳቀ። «እትዬ፣ ልጅቱ በእስላም ቢላ የታረደ ልትበላ ነው?»

«ለአንተ ብተዋት ለጥር ትድራታለህ» አልሁት። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልካደም።

ዘይነብ መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። እህቴ ልትሞት ስትል «ልጄን ተቀበዪኝ» ብላኝ፣ እኔም እንዲሁ መሬት መሬቱን አይቻለሁ። ልጁን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኋላ ዘይነብ ቀና አለች። «ሥጋውን ከክርስቲያን ቤት አስመጣላታለሁ፣ እቴ» አለችኝ። «ጾሙን ንገሪኝ እስቲ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታስቆያት? ሲርባትስ ትናገራለች ወይስ ትደብቃለች?»

ትደብቃለች አልኋት።

እኔ እህቴን ልጁ ምን እንደሚወድ እንኳ አልጠየቅኋትም።